ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፦ ግድግዳዬ ላይ 33,550,336 ብሎ የጻፈው ማነው?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሰፈራችን መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የውሃ፣ የሊፍትና የጥበቃ ክፍያ ነገር ነው። የኔው ወጣ ያለ ሆነና 52 መልስ ደረሰ። ዘግይተው የመጡ ጎረቤቶች ሁሉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ሰልችቶናል ስላሉኝ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል እነግራችኋለሁ።

መክፈቻው እንዲህ ነበር። ቤቴን የተረከብኩት ብሎኬቱ እንደገጠጠ ነው። ልስን የለ፣ ሊሾ የለ፣ የመኝታ ቤት በር የለ። ለሳኙ ልጅ ቅዳሜ ከወጥ ቤት ሊጀምር ስለተስማማን፣ ሐሙስ ማታ አቧራ ልጠርግ ገባሁ። በስልኬ መብራት ሳይ፣ ትልቁ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ በደረት ከፍታ ላይ በከሰል የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። ከላይ ወደ ታች 6፣ 28፣ 496፣ 8128። ከዚያ 130816 ተጽፎ ተሰርዟል። ከሥሩ 2096128፣ እሱም ተሰርዟል። ያውም በንዴት፤ ከሰሉ ተሰብሮ ፍርፋሪው ብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ተሰንቅሯል። መጨረሻው ላይ 33550336፣ ከሥሩ ሁለት መስመር። ፎቶውን ለጠፍኩና ጠየቅሁ፦ ይህ የቧንቧ ልኬት ነው የሲሚንቶ ሂሳብ? ልስን ይሸፍነው ወይስ የሚፈልገው ሰው አለ?

1ኛው መልስ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ሳኒተሪ ሠራተኛ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ የቧንቧ ልኬት ሊሆን እንደማይችል አስረዳ። በሳንቲሜትር ከሆነ 335 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከኮዬ የተነሳ ቧንቧ ጅማ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል አለ። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ መድረስ ያቃተው ውሃ ጅማ ምን ሊሠራ ይሄዳል ብሎም ቀለደ።

2ኛዋ ከፊት ለፊታችን ብሎክ ናት። የሷ ግድግዳ ላይ ያለው የአንድ ሰው ስምና ቀስት የተሰካበት ልብ ብቻ መሆኑን ነግራን የለሳኙን ስልክ ጠየቀችኝ። ለብቻዋ ላክሁላት። 3ኛው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው አለ። 4ኛው በዚህ ደንግጦ ፎቶውን ቶሎ አጥፋ አለኝ። 5ኛው ደግሞ ዝም ብለህ በዚህ ቁጥር ሎተሪ ቁረጥ ባይ ነው።

6ኛዋ እናት ናቸው። እንደዚህ የተደጋገመ ቁጥር ደስ እንደማይላቸው፣ ከመግባቴ በፊት ቤቱን ጠበል ብረጨው እንደሚሻል መከሩኝ። አመሰገንኳቸው። ጠበሉንም ረጭቻለሁ፤ ለቁጥሩ ሳይሆን ለቤቱ።

ክሩን የገለበጠው 7ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚኖሩ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ፎቶውን እንዳዩ ሻይ ጀባ ሳይባሉ ከወንበራቸው መነሳታቸውን ጽፈዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቁጥር ውሰዱና ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን ሁሉ፣ ራሱን ብቻ ትታችሁ፣ ደምሩ። 8ን የሚያካፍሉት 1፣ 2 እና 4 ናቸው፤ ድምራቸው 7፣ ከ8 ያንሳል፤ እንዲህ ያለው ጎዶሎ ይባላል። የ12 አካፋዮች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 ሲደመሩ 16 ይሆናሉ፤ ይሄ ትርፍ ነው። ልክ ራሱን የሚሰጥ ከተገኘ ግን ፍጹም ቁጥር ይሉታል። 6 እንደዚያ ነው፦ 1 እና 2 እና 3። 28ም እንደዚያው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። እስከ አሥር ሺህ ብትቆጥሩ ፍጹም የሆኑት አራት ብቻ ናቸው፤ አራቱም ግድግዳዬ ላይ በተራ ተቀምጠዋል። አምስተኛውን ለማግኘት ከ33 ሚሊዮን በላይ መሄድ ያስፈልጋል። ያ አምስተኛው ሁለት መስመር የተሰመረበት ነው።

8ኛው የኔ ነበር። እሺ፣ የተሰረዙት ሁለቱስ ምንድን ናቸው አልኩ።

9ኛውን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መምህርቷ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ያረጋገጠውን ዘዴ አመጡ። ከ1 ጀምሩና በእጥፍ እያሳደጋችሁ ደምሩ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ። ድምሩ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ማንም የማያካፍለው ሲሆን፣ ቁሙና በመጨረሻ በደመራችሁት አባዙት። 1 ሲደመር 2፣ 3 ነው፤ በ2 ሲባዛ 6። 7 በ4 ሲባዛ 28። 31 በ16፣ 496። 127 በ64፣ 8128። መካከል ላይ የሚመጡት 15፣ 63፣ 255፣ 1023 እና 4095 በ3 ስለሚካፈሉ ይታለፋሉ፤ ማንም የአምስተኛ ክፍል ልጅ አሃዞቹን ደምሮ ይደርስባቸዋል። ወጥመዱ 511 እና 2047 ላይ ነው። በ3ም በ5ም አይካፈሉ፤ ሲያዩአቸው ብቸኛ ይመስላሉ። 511ን በ256 ብታባዙ 130,816። 2047ን በ1024 ብታባዙ 2,096,128። ሁለቱም ግድግዳው ላይ አሉ፤ ሁለቱም ተሰርዘዋል። ምክንያቱም 511 ሰባት ጊዜ 73 ነው፤ 2047 ደግሞ 23 ጊዜ 89።

መምህርቷ ከዚህ ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ እኔንም አሳመነኝ። ይህን የጻፈ ሰው ከየትም አልገለበጠም፤ እያሰላ ነበር። የሚገለብጥ ሰው ትክክለኛውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ፣ የት እንደተሳሳተ አግኝቶ፣ ሰርዞ ቀጥሏል። ያውም ልክ መሳሳት ያለበት ቦታ ላይ።

10ኛው ጎሽ የሚል አጭር መልስ ነው።

11ኛው ራሱን ኢንጂነር ያለ ሰው ነው፤ ጸቡን ያመጣው እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ወሬ ስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ የሚገኝ መሆኑን፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ብሎኬት ተሸክሞ እየዋለ ስለ ዩክሊድ አያስብም ሲል ጻፈ። 12ኛው የስድብ ያህል ቆጠረበትና፣ እሱ ራሱ አምስት ዓመት በቀን ሥራ ዩኒቨርሲቲውን እንደጨረሰ፣ አካፋ ማንሳት አእምሮ እንደማያደነዝዝ መለሰ። 13ኛው እንደገና ኢንጂነሩ፦ ማስረጃ አምጡ። 14ኛው አንድ ወጣት ነው፤ ማስረጃው ስረዛው ነው፣ ዓይን ካለህ ተመልከት አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ንዴታችሁ እንዲበርድላችሁ ብዬ ቡና ጠጡ የሚል ምስል ለጠፍኩ። ማንም አልሳቀ።

15ኛው መልስ ላይ መምህርቷ ጸቡን ትተው ወደ ቁጥሩ ተመለሱ። ከ1 እስከ 4096 ያሉት እጥፎች ድምር የሆነው፣ በ4096 ሲባዛም 33,550,336 የሚሰጠው 8191 ብቸኛ መሆኑን በእጅ ማረጋገጥ ስንት ሰዓት ይወስዳል ብሎ የጠየቀ ሰው በውስጥ መስመር ስለነበረ ነው መሰለኝ። ፈርማ በተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ሥራ የታወቀ አንድ አቋራጭ አለ። 8191 ሁለትን 13 ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ ነው። 13 ደግሞ ራሱ ብቸኛ ነው። ስለዚህ የሚያካፍለው ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ የ26 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት መሆን አለበት። ከ90 በላይ መሞከር አያስፈልግም፤ 91 በ91 ከ8191 ያልፋል። እስከዚያ ያሉት 27፣ 53 እና 79 ብቻ ናቸው። 27 ብቸኛ አይደለም። 53 ሲያካፍለው 29 ይተርፋል፤ 79 ሲያካፍለው 54። አለቀ። ሁለት ማካፈል ብቻ! በዚሁ ዘዴ 2047ን የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው 23ን ነው፤ 22 ላይ 1 ሲጨመር። ወዲያው ይወድቃል። አቋራጩን የማያውቅ ከሆነ ግን 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ነው የሚደርስበት። ከሰሉ የተሰበረው በዚያ ምክንያት ይሆናል አልኩ ለራሴ።

16ኛዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። በእናቷ ስልክ መሆኑን አስቀድማ ይቅርታ ጠይቃ፣ የቁጥሩን አሃዞች ደምሩ አለች። 3፣ 3፣ 5፣ 5፣ 0፣ 3፣ 3፣ 6። ድምሩ 28። 28 ራሱ ፍጹም ቁጥር! እኔ ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

17ኛውና 18ኛው አበባና ጭብጨባ ናቸው። 19ኛው ኢንጂነሩ ነው፤ በዚህኛው ግን ትክክል ነበር ማለት አለብኝ። የአሃዝ ድምር የቁጥሩ ባሕርይ አይደለም፤ በአሥር በአሥር ስለምንጽፍ ብቻ የሚመጣ ነው፤ በሌላ አጻጻፍ ብትጽፉት ያ 28 ይጠፋል አለ። አነጋገሩ ግን ለልጅ የሚባል አልነበረም። 20ኛው መልስ ላይ መምህርቷ መሐል ገቡ። ድምሩ 28 መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እዚህ ላይ ከወንድሜ ጋር ነኝ አሉ። ነገር ግን ከ6 በቀር የትኛውንም ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ወስዳችሁ አሃዞቹን ደጋግማችሁ ብትደምሩ ሁልጊዜ 1 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ይህ በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። 28፣ 10፣ 1። 496፣ 19፣ 10፣ 1። የኛውም 28፣ 10፣ 1። ስለዚህ ልጅቷ በሩን አንኳኩታለች፤ የገባችበት ክፍል ብቻ ነው ሌላ አሉ። ልጅቷ በ21ኛው ልብ ላከች።

22ኛው ሰውዬ ምን ያህል ሥራ ብንፈታ እንደሆነ ገርሞት ብቅ አለ። በዚህ ኑሮ፣ ሊፍት ቆሞ ሽማግሌ ሰባት ፎቅ በእግሩ እየወጣ፣ ስለ ከሰል ጭረት ታወራላችሁ ወይ ነው ነገሩ። እውነቱን ነው። ከዚያ 23፣ 24 እና 25 ስለ ውሃ ሆኑ፤ ሦስተኛው ብሎክ በሌሊት ስምንት ሰዓት መጣ ሲል አምስተኛው ብሎክ ገና ነው አለ፤ ሮቶ የሞላለት ሰው ለጎረቤት ሁለት ጀሪካን እንዲሰጥም ተለመነ። አልዘልለውም፤ ያን ሌሊት እኔም ሁለት ጀሪካን አግኝቻለሁ።

በ26ኛው አንድ ዲያቆን ቁጥሩን በግዕዝ ጻፈልን። መጀመሪያ ፼ን ያለቦታው አስገብቶት ነበር፤ 27ኛው አንድ የቀድሞ የቆሎ ተማሪ በአክብሮት አረመው፤ ዲያቆኑም ተቀብሎ አስተካከለ። ዘዴው ከቀኝ ጀምሮ አሃዞቹን ሁለት ሁለት አድርጎ መክፈል ነው፦ 33፣ 55፣ 03፣ 36። ከዚያ መካከላቸው በተራ ፻፣ ፼፣ ፻ ይገባል። የወጣው ፴፫፻፶፭፼፫፻፴፮ ነው። ሠላሳ ሦስት መቶ ሃምሳ አምስት እልፍ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት። ያቺ መሐል ላይ ያለች ዜሮ የት ገባች? ግዕዝ ዜሮ ስለሌለው 03 ያው ፫ ሆኖ ይቀመጣል።

28ኛው ወጣት ዜሮ የሌለው አኃዝ ለስሌት አይሆንም፣ ለዓመተ ምሕረትና ለምዕራፍ ቁጥር ብቻ ነው ብሎ አጣጣለ። የዲያቆኑ አመላለስ ጥሩ ነበር፤ ድምፁን ሳያነሳ፣ የግዕዝ አኃዞች መሠረታቸው የግሪክ ፊደል መሆኑን፣ ግሪኮቹም ለቁጥራቸው ዜሮ እንዳልነበራቸው፣ ዩክሊድም ስለ ፍጹም ቁጥር ያረጋገጠውን ያለ ዜሮ ማረጋገጡን አስታወሰው። ወጣቱ አልተመለሰም።

30ኛው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። እሱ ደግሞ ኮምፒዩተር እንደሚያነበው በ1 እና በ0 ብቻ ጻፈው፦ 1111111111111000000000000። አሥራ ሦስት አንዶች፣ ከኋላቸው አሥራ ሁለት ዜሮዎች። ማብሪያ ማጥፊያ ቢሆን ኖሮ በመስመር የተደረደሩ 25 ማብሪያዎች፣ ከግራ አሥራ ሦስቱ በርተው የቀሩት ጠፍተው ማለት ነው። ይህን ሳይ 19ኛው መልስ ትዝ አለኝ። ኢንጂነሩ ሌላ አጻጻፍ ላይ ውበቱ ይጠፋል ያለው እዚህ ላይ ጭራሽ ጎልቶ ወጣ።

31ኛው ሰው ሙሉ እምነት ይዞ መጣ። በየአሃዙ ብዛት አንድ ፍጹም ቁጥር አለ፣ መጨረሻቸውም በ6 እና በ8 ይፈራረቃል፣ ስለዚህ ቀጣዩ በ8 ያልቃል አለ። 32ኛው መልስ ላይ መምህርቷ ትንሽ ኮስተር አሉ። ይህን ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ኒቆማኮስ የሚባል ሰው ብሎት ብዙ ዘመን ሰው ሲደጋግመው ኖሯል፤ ያፈረሰው ግን ያው የኔ ግድግዳ ላይ ያለው ቁጥር ነው። አራት አሃዝ ካለው 8128 ቀጥሎ አምስት፣ ስድስትና ሰባት አሃዝ ያለው ፍጹም ቁጥር የለም፤ በአንድ ጊዜ ስምንት አሃዝ ላይ ይዘላል። የመጨረሻ አሃዙስ? ስድስተኛው 8,589,869,056 ነው። እሱም በ6 ያልቃል። መፈራረቁ አከተመ። ሰውዬው ተማርኩ ብሎ ሄደ፤ ይህን ያህል ጨዋነት በዚህ መድረክ ብዙ አይታይም።

33ኛው ስድስት ፍጹም መሆኑን ከሥነ ፍጥረት ጋር አያይዞ፣ እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን የፈጠረው ለዚህ ነው አለ። 34ኛው አውግስጢኖስም ይህን እንዳነሳ ነገረው፤ እሱ ግን ስድስት ፍጹም የሆነው ዓለም በስድስት ቀን ስለተፈጠረ ሳይሆን፣ ቁጥሩ በራሱ ፍጹም ስለሆነ ነው ባይ ነበር። ከዚህ በኋላ ሰባት ስምንት መስመር የሚሆን የሃይማኖት ክርክር ሊነሳ ነበር፤ አወያዩ አጠፋው።

35ኛውን ግን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። በሕይወታቸው መድረክ ላይ ሲጽፉ የመጀመሪያቸው እንደሆነ፣ የልጅ ልጃቸው እንደሚጽፍላቸው አስቀድመው ተናገሩ። አባታቸው እህል ነጋዴ ነበሩ። ማባዛት አልተማሩም። በግ አሥራ ሦስት፣ የአንዱ ዋጋ 24 ብር ቢሆን፣ መሬት ላይ ባቄላ በሁለት ረድፍ ይደረድሩ ነበር። በግራ 13ን ያጋምሳሉ፣ ትራፊውን ይተዋሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን በእጥፍ ያሳድጋሉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ኢተጋማሽ የሆነውን ብቻ ይይዛሉ፤ 6 ተጋማሽ ስለሆነ ትይዩው 48 ይነሳል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ብር። በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የኢትዮጵያ ማባዣ እየተባለ የሚጠቀሰው ይሄው ነው፤ የሩሲያ ገበሬ ማባዣም የሚሉት አሉ፤ የጥንት ግብፆችም በማጠፍ ያባዙ እንደነበር 36ኛው ጨመረ። አባት ግን ወደ ነገሩ መጡ። በዚህ ዘዴ 4096ን እና 8191ን ብታባዙ፣ 4096 እስከ 1 ድረስ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲጋመስ አንዴም ኢተጋማሽ አይወጣውም። መጨረሻ ላይ 1 ብቻ። ስለዚህ መደመር የሚባል የለም፤ 8191ን አሥራ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ብቻ። ከሰልና ግድግዳ ይበቃል አሉ።

ማታ የልጄን ደብተር ወስጄ ሞከርኩት። 8191፣ 16,382፣ 32,764፣ 65,528፣ 131,056፣ 262,112፣ 524,224። ሰባተኛው ላይ 1,048,448 ማለት ሲገባኝ 1,048,484 ብዬ ጻፍኩ፤ ሳላውቀው እስከ መጨረሻው ወርጄ 33,551,488 ወጣልኝ። ግድግዳው ተሳስቷል ብዬ ለመለጠፍ እጄ ስልኩ ላይ ነበር። ልጄ ናት ያየችው። ጣቷን አሃዞቹ ላይ አድርጋ፣ አባዬ ገልብጠኸዋል አለችኝ። አስተካክዬ ወረድኩ፦ 2,096,896፤ 4,193,792፤ 8,387,584፤ 16,775,168፤ 33,550,336። ከዚያ ያጠፍኳቸው ሁሉ የቁጥሩ አካፋዮች መሆናቸው ገባኝ። ከ1 እስከ 4096 ያሉት አሥራ ሦስቱ እጥፎች ሲደመሩ 8191 ይሆናሉ። ከ8191 እስከ 16,775,168 ያሉት አሥራ ሁለቱ ደግሞ 33,542,145። ሁለቱን ደምሩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ልጄ ደብተሯ ላይ አንቀላፍታለች።

ይህን በ37ኛው ላይ ለጠፍኩ። በ38ኛው መምህርቷ ሁለት ነገር ጨመሩ። ቁጥሩ ከ1 እስከ 8191 ያሉት ሁሉ ተደምረው የሚገኝ ነው፤ ብርቱካን ሻጭ ከታች 8191፣ ከላዩ 8190 እያለች በሦስት ማዕዘን ብትደረድር ጫፉ ላይ አንድ ብርቱካን ትቀመጣለች። እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ 64 ኢተጋማሽ ቁጥሮች፣ ከ1 እስከ 127፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ከራሳቸው ጋር ተባዝተው ሲደመሩ እሱኑ ይሰጣሉ። ይህን አልሞከርኩም። ደብተሩ አልቋል።

39ኛው ስንት ፍጹም ቁጥር እንደሚታወቅ ጠየቀ። 40ኛው የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ 52 አለው። የመጨረሻው የተገኘው በጥቅምት 2017፣ በፈረንጆቹ 2024፣ ሉክ ዱራንት በሚባል ሰው ነው፤ ተጽፎ ቢያልቅ ከ82 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው። ኮዬ ያለ ብሎኬት ሁሉ አይበቃውም ብሏል፤ አልቆጠርኩትም። ተጋማሽ ፍጹም ቁጥሮች ሁሉ በዩክሊድ ዘዴ የሚወጡ መሆናቸውን ያረጋገጠው ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ ነው። ኢተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ግን መኖር አለመኖሩን እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። አንድም አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። 41ኛው ላይ ኢንጂነሩ ተመልሶ፣ ይህ ደስ እንደሚል አመነ። ሰው ነውና። 42ኛዋ የቅዳሜ ታክሲ ወረፋ ከገላን ኮንዶሚኒየም እስከ ቃሊቲ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች፤ 43፣ 44 እና 45 መለሱላት።

46ኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት አንድም ጽሑፍ ያልነበረው ሰው ነው። ፌራዮ፣ ማለትም የግንባታ ብረት ሠራተኛ እንደነበር፣ ሕንፃችን ሲሠራ ማታ ማታ ብረት ጠባቂ ሆኖ አራተኛ ፎቅ ላይ ያድር እንደነበር፣ ቁጥሩን የጻፈው እሱ መሆኑን ተናገረ። ዘዴውን ከአሮጌ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ነው ያገኘው። 2047 ሁለት ሌሊት ፈጅቶበታል።

47ኛው ኢንጂነሩ ነው፤ 23 ጊዜ 89 ከላይ 9ኛው መልስ ላይ ተጽፏል፣ ማንም አንብቦ ሊለው ይችላል አለ። 48ኛው አሁንስ አበዛኸው አለው። 49ኛው ላይ መምህርቷ ለሰውዬው በጣም በአክብሮት፣ ከክሩ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ካለ እንዲነግረን ጠየቁት።

50ኛው መልስ የሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቧንቧው ከግድግዳ ከሚወጣበት ዝቅ ብሎ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ስድስተኛውን ጀምሮት እንደነበር፣ 131071 ብቸኛ መሆኑን ሳይጨርስ ሥራው እንዳለቀና እንደተበተኑ ጻፈ። እዚያ ያካፈለባቸው ቁጥሮች በተራ አሉ አለ፤ መጨረሻ የሞከረው የትኛው እንደነበር ብቻ እንድነግረው ለመነኝ።

ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቧንቧው ሥር አበራሁ። ልስኑ ደርቋል፤ የለሳኙ ልጅ እንደተስማማነው ከወጥ ቤት ነበር የጀመረው። የመኝታ ቤቱን ብቻ ተወው ብዬው ነበር። በሳንቲም ትንሽ ፋቅሁ፤ ነጭ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያ ብሎኬት። ከሰል ይሁን የብሎኬቱ ጥላ ያልለየሁት አንድ ጭረት አለ።

ይህንኑ በ51ኛው ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም። 52ኛው አምስተኛ ብሎክ ውሃ መጣ ወይ የሚል ነው።